መንደራችን ጠለፋ

ደሴ ከምኖርበት ቤት ጀርባ ፎቅ እየተሠራ ነው። ጠዋት ጠዋት ገልባጭ መኪናው ጠጠሩን ሲዘረግፍ መጀመሪያ ከሩቅ የሚመጣ የሚመስል ጉርምርምታ ይሰማል፣ ቀጥሎ ድንጋይ ከድንጋይ ይፋጫል፣ ከዚያም ሁሉንም የሚውጥ አንድ ረጅም ድምፅ ግቢውን ይሞላዋል። ያን ጊዜ በእጄ የያዝኩትን አስቀምጣለሁ። ጆሮዬ ደጋውን ትቶ ወደ ራያ ቆላ፣ ከቆቦ በስተምሥራቅ ወደ ዞብል ተራራ በተዘረጋው ሜዳ ላይ ወዳለችው መንደራችን ይወርድና፣ በጋውን ሙሉ አሸዋ ብቻ ሆኖ የከረመው ወንዛችን ጎርፍ ተሸክሞ ሲመጣ የነበረውን ድምፅ መልሶ ያሰማኛል። እኛ ልጆች ያን ድምፅ ስንሰማ ከየቤታችን ፈትለክ ብለን ወጥተን እንሮጥ ነበር፤ ትልልቆቹም አካፋና ዶማቸውን ይዘው ይከተሉን ነበር፤ የዓመት ቀለባችን የሚመጣው በዚያ ድምፅ ውስጥ ነበርና።

የመንደራችን ስም ጠለፋ ነው። በልጅነቴ ይህ ስም ያሳፍረኝ ነበር። ቆቦ ለገበያ ስንሄድ የከተማው ልጆች ከየት እንደመጣን ይጠይቁንና ስንነግራቸው፣ ማን ጠልፏችሁ ነው እያሉ ይስቁብን ነበር። አባቴ ይመር ምን ብዬ እንደምመልስላቸው አስተምሮኝ ነበር። በእኛ ሜዳ ዝናብ እምብዛም አይጥልም፤ ዝናቡ የሚወርደው በስተምዕራብ ባሉት ተራሮች ላይ ነው፤ ከዚያ ጎርፍ ሆኖ በደረቁ ወንዝ ይምዘገዘግና፣ በድንጋይ፣ በእሾህና በአፈር ክትር ሠርቶ ወደ ማሳው የጠለፈው ሰው ማሽላ ይበላል፣ ያልጠለፈው ደግሞ ጎርፉ ወደ አፋር በረሃ ሲያልፍ ቆሞ ያያል። ስማችን የመጣው ከዚህ ከጎርፍ ጠለፋ ነው በያቸው ይለኝ ነበር። እኔም እንደዚያው እል ነበር፤ እሱም ራሱ ከዚያ ሌላ የሚያውቀው አልነበረም።

በበጋ መንደሯ ጸጥ ትል ነበር። ሙቀቱ ሲበረታ ዶሮዎቹ እንኳ አፋቸውን ከፍተው ከጎተራው ስር ይጋደሙ ነበር፤ ሰውም ከቁርቁራው ጥላ አይወጣም ነበር። የአፋር ነጋዴዎች ግመሎቻቸውን እየነዱ በወንዙ ዳር ሲያልፉ ቅቤያቸውን በማሽላ እንለውጥ ነበር። ጎረቤቶቻችን ገሚሶቹ ክርስቲያን፣ ገሚሶቹ እንደኛ ሙስሊም ነበሩ፤ በረመዳን የእኛ ሾርባ ወደነሱ፣ በፋሲካ የእነሱ ድፎ ዳቦ ወደ እኛ ይሻገር ነበር። ጥላ ስር ተቀምጠው ጨዋታ ሲያነሱ እያንዳንዱ ቤት የመጣበትን አገር ያወራ ነበር፤ የጎረቤታችን የአያ ኪሮስ ወላጆች ከማይጨው በኩል ለንግድ የወረዱ ነበሩ፣ ሌሎቹ ከጎብዬ፣ ከሮቢት የመጡ ነበሩ። አገር ያልነበራት አያቴ ዘሃራ ብቻ ነበረች።

አያቴ የአባቴ እናት ናት። አጭር፣ ቀጭን፣ አረማመዷ ፈጣን ሴት ነበረች፤ የሰው ቡና ላይ ብዙ አትቀመጥም፣ የሰው ነገርም አታመላልስም ነበር። አገሯ የት እንደሆነ ስጠይቃት፣ «ኢጆሌ፣ እኔ ከዚሁ አሸዋ ነው የበቀልኩት» ትለኝ ነበር፤ ኢጆሌ በድሮዎቹ የራያ ሰዎች አፍ ልጆች ማለት ነው። አንድ ነገር ግን ይገርመኝ ነበር። ከእኛ በላይ፣ ወንዙ ከተራራው ወርዶ ሜዳውን በሚይዝበት በኩል፣ ላይ ሰፈር የሚባል ትልቅ መንደር አለ፤ ወደ ቆቦ የሚወስደው አጭሩ መንገድ በመሃሉ ያልፋል። አያቴ ግን ምንም ቢደክማት፣ ምንም ቢመሽባት፣ በቁልቋሉ በኩል ዞራ በረጅሙ መንገድ ነበር የምትሄደው።

ሰኔ ሲገባ ተራሮቹ ላይ ደመና መቆለል ይጀምር ነበር። ያን ጊዜ መንደሩ በሙሉ ወንዝ ወርዶ አምና የፈረሰውን ክትር ይጠግን ነበር፤ ወንዶች ድንጋይ ያንከባልላሉ፣ ሴቶች እሾህ ይጎትታሉ፣ በሬዎች አፈር ይስባሉ፣ እኛ ልጆችም ጠጠር በጨርቃችን እንሸከማለን። ከነዚያ ሰኔዎች በአንዱ፣ እኔ ገና የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፣ ረፋድ ላይ ቀና ስንል ከላይ በኩል በአሸዋው መሃል አንዲት ልጃገረድ ስትሮጥ አየናት። ነጠላዋ በእሾህ ተበጣጥሶ ነበር፣ አንድ እግሯ ጫማ አልነበረውም። ሰዎቹ ሁሉ ሥራቸውን አቁመው አፈጠጡባት፣ እሷም ሰው ስታይ ደንግጣ ቆመች። አያቴ የያዘችውን እሾህ ጥላ ሄደች፤ ማን ነሽ አላለቻትም፣ ከየት መጣሽ አላለቻትም፤ በእጇ ይዛ ወደ ቤት አስገባቻትና እግሯን በለብታ ውሃ ታጥባት ጀመር። እኔ ቅሉን ይዤ ውሃ ስጨምር አያቴ ደጋግማ ዞር እያለች በሩን ታይ ነበር። እንደዚያ ስትሆን አይቻት አላውቅም ነበር።

ልጅቱ ዘነቡ ትባላለች፤ አገሯ ሮቢት አጠገብ ነበር። ከገበያ ስትመለስ የላይ ሰፈር ጎረምሶች ጠልፈው ወስደዋት፣ ከጠላፊው ዘመዶች ቤት አስቀምጠዋት፣ ጠባቂዎቿ ለክትር ሥራ ሲወጡ ባገኘችው ክፍተት ወደ ወንዙ ወርዳ አምልጣ ነበር። በዚያ ዘመን ነገሩ የተለመደ ነበር፤ ጠላፊው ሽማግሌ ይልካል፣ የልጅቱ አባት ከብት ተቀብሎ ይታረቃል፣ ልጅቱም በዚያው ሚስት ሆና ትቀራለች። ልቧን የሚጠይቅ አልነበረም።

በማግስቱ የላይ ሰፈር ሰዎች መጡ። ከትልቁ ግራር ስር ተቀምጠው፣ ሰላምታውም ምርቃቱም ካለቀ በኋላ፣ ሽማግሌያቸው ነገሩን በለዘበ አንደበት አቀረቡት። ልጅቱ የእነሱ ሙሽራ እንደሆነች፣ አባቷን በወጉ እንደሚያስታርቁ፣ እኛም ጎረቤት እንደመሆናችን እንድንመልስላቸው ጠየቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ «ካልሆነ ግን ዘንድሮ ከእኛ ክትር አልፎ እናንተ ጋ የሚደርስ ጎርፍ የለም» አሉ።

ይህ ምን ማለት እንደነበር ልጆቹም እናውቅ ነበር። ያለፈው ዓመት ምርት የከፋ ነበር፤ ጎተራችን ስንመታው ባዶ ያስተጋባ ነበር። የመንደራችን ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። አባቴ መሬቱን በጭራሮ ይጭር ጀመር። በመጨረሻ አያ ኪሮስ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ልጅቱ እንደምታሳዝናቸው፣ ግን ለማያውቋት የሰው ልጅ ብለው የገዛ ልጆቻቸውን ማስራብ እንደማይችሉ ተናገሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሁሉም በልቡ ያለውን ነበር ያወጡት። አንዳንዱም ራሱን ነቀነቀ።

ያኔ አያቴ ከሴቶቹ መካከል ተነስታ ወደ ግራሩ መጣች። ሴት በዚያ ጉባኤ መሃል አትቆምም ነበር፤ ግን ዕድሜዋን አክብረው ዝም አሏት። እሷም ወደ ሽማግሌው ሳይሆን ወደ መንደሩ ሰው ዞረች።

«የዚህ መንደር ስም ከጎርፍ የመጣ ይመስላችኋል» አለች። «ከጎርፍ አይደለም። የተጠለፍኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ በሕይወቷ ለማንም ያልተናገረችውን ተናገረች። አገሯ ዋጃ ነበር። ልጃገረድ ሳለች ውሃ ልትቀዳ በወረደችበት ጠልፈው ላይ ሰፈር አመጧት፤ አንድ ቀትር ላይ ጠባቂዎቿ በሙቀቱ ሲያንቀላፉ ወጥታ ወንዙን ይዛ ቁልቁል ሮጠች፤ የት እንደሚያደርሳት አታውቅም ነበር። ዛሬ መንደራችን ያለችበት ስትደርስ ከግራርና ከቁርቁራ ሌላ ምንም አልነበረም። አንድ ሰይድ የሚባል ወጣት ብቻውን ክትር ይሠራ ነበር፤ መንደር የሌለው ሰው ጎርፍ ሊጠልፍ ይሞክራል እያሉ የሚስቁበት ነበር። ከጥላው ስር ደግሞ በቅሎዋቸው አንክሳባቸው ያረፉ ነጋዴ ባልና ሚስት ነበሩ። አሳዳጆቿ በትርና ጠመንጃ ይዘው ሲደርሱ ነጋዴው ዱላውን፣ ሰይድ አካፋውን አነሳ፤ ከሁለቱም ቀድማ ግን ለተስላሴ የምትባለው የነጋዴው ሚስት ተነስታ አያቴን ከኋላዋ አደረገቻትና፣ ይህቺ ልጄ ናት፣ እሷን ለመንካት መጀመሪያ እኔን ግደሉ አለቻቸው። ሕፃን ያዘለች ሴት ላይ የሚተኩስ አልተገኘምና ተመለሱ።

አያቴ እዚህ ላይ ፊቷን ወደ አያ ኪሮስ አዞረች።

«አንተ ያኔ በእናትህ ጀርባ ላይ ነበርክ፣ ኪሮስ። እኔን ስትጋርደኝ አንተን አዝላ ነበር።»

አያቴም ቀጠለች። ወደ አባቷ ቤት ብትመለስ ታርቀው ለዚያው ሰው እንደሚሰጧት ስላወቀች እዚያው ቀረች፤ ነጋዴዎቹም እሷን ጥለው መሄድ አልሆነላቸውም፤ ሰይድን ረድተው የመጀመሪያውን ክትር አቆሙ። የመጀመሪያው ጎርፍ ወደ ማሳው በገባ ቀን አራቱም፣ ክርስቲያኖቹ በመስቀል፣ እሷና ሰይድ ደግሞ በቁርአን፣ በዚህ ቦታ ጎርፍ እንጂ ሰው አይጠለፍም ብለው ማሉ። አላፊ አግዳሚው የተጠለፈችው ሴት ያለችበት እያለ ቦታውን ጠለፋ ብሎ ሲሳለቅበት፣ እነሱ ስድቡን ተቀብለው የመንደር ስም አደረጉት። አያቴ ከሰይድ ጋር ተጋባች፤ ልጆቿ የተጠላፊ ልጆች ተብለው እንዳይሰደቡባት ግን ነገሩን ዋጠችው፤ ሌሎቹም ለእሷ ሲሉ ይዘውት ወደ መቃብር ወረዱ።

ተናግራ ስትጨርስ አባቴ ተነስቶ ሄደና ከእናቱ እግር አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ጎልማሳ ሰው እንደ ሕፃን የቀሚሷን ጫፍ ይዞ ነበር። አያ ኪሮስ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ወደ እንግዶቹ ዞሩ።

«ጎርፉን ከልክሉን» አሏቸው። «ልጅቱ ግን አትሄድም።»

ሐምሌ ገባ። ተራሮቹ ላይ መብረቅ ሲብረቀረቅ እናይ ነበር፣ ነጎድጓዱም ይሰማን ነበር፤ ወንዛችን ግን አሸዋ እንደሆነ ቀረ። የላይ ሰፈር ሰዎች እንዳሉት ክትራቸውን ከዳር እስከ ዳር ዘግተው፣ የሚበቃቸውን ወደ ማሳቸው፣ የተረፈውን ወደ ገደል እየለቀቁት ነበር። የሚዘራበት ጊዜ እያለፈ ነበር። ዘነቡ ከምግብ ትሸሽ ጀመር፤ ጥፋቱ የእሷ ይመስላት ነበርና ልሂድላችሁ ብላ ስታለቅስ እናቴ ትቆጣት ነበር። በዚያ ጭንቅ መካከል ግን የመንደሩ ሰው ነገረ ሥራ ሁሉ ተቀይሮ ነበር። አያቴን ሲያገኟት ጎንበስ ብለው ነበር የሚስሟት፤ እኛም ልጆቹ ስማችንን የምንጠራው ቀና ብለን ነበር።

በቆቦ ገበያ ቀን አያቴ ሽክ ብላ ለብሳ ቅቤ አስይዛኝ ወጣች። መንገዱ ሲከፈል ወደ ቁልቋሉ ልትታጠፍ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ በአጭሩ መንገድ ቀጥ ብላ ገባች። በጠራራ ፀሐይ በላይ ሰፈር መሃል አለፍን። ሴቶች ከየደጃቸው ቆመው አዩን፤ ታሪኩ ደርሷቸው ነበር። አያቴ ግራ ቀኝ ሳትል፣ ሳትቸኩልም፣ ለሁሉም ሰላምታ እየሰጠች አለፈች። እጄን የያዘችበትን ጥብቀት ግን የማውቀው እኔ ነኝ።

ገበያው ውስጥ ከቅቤ ተራ ተቀምጠን ሳለ የላይ ሰፈር ሴቶች አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ። ቅቤውን አሽትተው፣ ዋጋ ጠይቀው፣ ከዚያ ሳይገዙ ጎንበስ ብለው ትከሻዋን ይስሙ ነበር። በመጨረሻ አንዲት ወፈር ያለች፣ ፊቷ የደከመ ሴት መጥታ ፊት ለፊታችን ቁጢጥ አለች። ፋጤ ትባል ነበር፤ የጠላፊው ጎረምሳ እናት ናት። ቅቤውን ገልጣ መልሳ ከሸፈነች በኋላ፣ «እኔም በዚያው መንገድ ነው የገባሁት፣ እመት ዘሃራ» አለቻት። «እርስዎ አመለጡ። እኔ አላመለጥኩም።»

አያቴ እጇን ዘርግታ የፋጤን እጅ ያዘች። ቅቤው ሳይሸጥ ተመለስን።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ፣ እናቴ እንጨት እየፈለጠች ሳለ መጥረቢያውን አየር ላይ አቆመችው። ያ ጉርምርምታ ነበር። መጀመሪያ ማንም አላመነም፤ ነጎድጓድ ነው አሉ። ከዚያ ድንጋይ ከድንጋይ መጋጨት ተሰማ፣ ከዚያ አያ ኪሮስ ከወንዙ ዳር፣ «መጣ! መጣ!» እያሉ ሲጮኹ ሰማንና መንደሩ በሙሉ ነቅሎ ወጣ። ጎርፉ ቡናማ ግንባሩን ቀና አድርጎ፣ ግንድና ገለባ እየገፋ፣ አረፋ እየደፈቀ መጣ፤ ክትራችን ላይ ሲደርስ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ፣ ከዚያም ታዞ ወደ ቦዩ ታጠፈ። እናቶች እልልታውን አቀለጡት። አባቴ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ ቦዩን ይጠርግ ነበር፣ አንዱ አልሐምዱሊላህ፣ ሌላው ተመስገን ይል ነበር፤ ዘነቡ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ከሁሉም በላይ አፈር ትቆልል ነበር። የተሰነጣጠቀው ማሳችን ውሃውን ሲጠጣ እንደ ሰው ድምፅ ያሰማ ነበር።

ማን እንደለቀቀልን የገባን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። በወንዙ ዳር ቁልቁል የሚመጡ ሴቶች ታዩን፤ ሁሉም እስከ ጉልበታቸው በጭቃ ተለውሰዋል፣ በትከሻቸው ዶማ ተሸክመዋል፣ ፊት ፊት የምትሄደው ፋጤ ናት። ወንዶቻቸው ከድግስ ጥሪ ሲመለሱ እናቶቻቸውንና ሚስቶቻቸውን ክትሩ ላይ ቆመው የዘጉትን አፍ ሲያፈርሱ አገኟቸው፤ ሊያስቆሙ ቢሞክሩም በወለደችው እናቱ ላይ እጁን የሚያነሳ አልተገኘም። ጎረምሳው ራሱ ፊቷ ሲቆም ፋጤ ዶማውን አቀበለችውና፣ ወይ አብረኸኝ ቆፍር ወይ አባትህ ሲጠልፈኝ እንዳደረገው ጎትተህ ውሰደኝ ብላው፣ እሱም አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ይህን ሁሉ የነገሩን እየሳቁና እያለቀሱ ነው። ፋጤ ሕዝቡን አቋርጣ ዘነቡ ዘንድ ሄደች፣ ጭቃ በነካው እጇ ጉንጯን ይዛ፣ «ልጄ ካንቺ እጁን አንስቷል» አለቻት። «ከእንግዲህ ማንም አይከተልሽም።»

አያቴ በጎኔ ቆማ ነበር። ስትስቅ ጥርሷ በሙሉ ሲታይ ያየሁት ያን ቀን ነው።

መስከረም ላይ ማሽላችን ከሰው ቁመት አልፎ ነበር። እኔና ዘነቡ ማማ ላይ ወጥተን በወንጭፍ ወፍ እንጠብቅ ነበር፤ እሷ ስትወነጭፍ የምትስት አልነበረችም፣ እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምመታው የጎረቤትን ማማ ነበር። አባቷ ከሮቢት ሽማግሌ አስከትሎ ሲመጣ የተዘጋጀው ለልቅሶና ለእርቅ ነበር፤ ልጁን እሸት እየጠበሰች አገኛት። ትመለስ እንደሆነ ሲጠይቃት እዚሁ ሆና መማር እንደምትፈልግ ነገረችው፣ እሱም አያቴን አየ፣ ወደ መሬት አየ፣ ከዚያ ፈቀደ። ኅዳር ሲገባ አውድማው ከመቼውም በላይ ሞላ። አባቴና አያ ኪሮስ በግመል ማሽላ ጭነው ወደ ላይ ሰፈር ወሰዱ፤ ለሽማግሌዎቹ ሳይሆን ለሴቶቹ ነበር የሰጡት። በዚያው ሰሞን ሁለቱ መንደሮች ክትሩ ዳግም ሙሉ በሙሉ እንዳይዘጋ ቃል ተጋቡ፣ በቃሉም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴቶች ከወንዶች እኩል ተቀምጠው መረቁ።

አያቴ ዕድሜ ጠግባ፣ ከሰይድ ጎን ተቀብራለች። ከዚያ ወዲህ አገሩ ላይ ያለፈው ብዙ ነው፤ በቅርብ ዓመታት መንደሯ ባዶ ሆና የከረመችበት ክፉ ጊዜም ነበር። ሰው ግን ተመልሶ ቤቱን ሠርቷል። ዛሬ ከጉድጓድ በሞተር ውሃ እየተሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ይመረታል፤ የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ዘነቡ ናት፤ የወደደችውን አግብታ፣ ጠጉሯ ሸብቶ፣ ያለ ተራው ውሃ የሚወስድ ሰው እንደ ጥንቱ ወፍ ይፈራታል። አንድ ጊዜ ከወረዳ የመጡ ሰዎች ስሙ አያምርምና እንቀይረው ቢሉ፣ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ እንቢ ብሏል።

መንደራችን አሁን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም አላት፤ የላይ ሰፈር ልጆች ወደ እኛ ወርደው ነው የሚማሩት። በቅርቡ ለመጠየቅ ሄጄ ከወንዙ ዳር ተቀምጬ ሳለ ተማሪዎቹ ተለቀቁና ልጃገረዶቹ በደረቁ አሸዋ ሽቅብ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ተመለከትኩ። እኔ ልጅ ሳለሁ በዚያ ወንዝ ውስጥ ብቻዋን የምትታይ ልጃገረድ ሯጭ ነበረች፣ ከኋላዋም የሚመጣ ነበር። የዛሬዎቹ ግን ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት፤ ደብተራቸውን አቅፈው፣ እየቆሙ እያወሩ፣ አሸዋው ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን እያራገፉ፣ ደግሞ እየተነሱ፣ እናቶቻቸው ምነው ዘገያችሁ ብለው እስኪቆጧቸው ድረስ።